ለአዲስ ሕንፃ የእሳት ደህንነት ፈቃድ፦ ከሳይት ፕላን እስከ መጠቀሚያ ፈቃድ

አዲስ አበባ ላይ ሕንፃ የሚያስገነባ ሰው ስለ እሳት ማሰብ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። መስታወቱ ተገጥሞ፣ ሊፍቱ ቆሞ፣ ተከራይ ቀብድ ከፍሎ ሲያበቃ «እንግዲህ የእሳቱን ወረቀት ደግሞ እንጨርስ» ይባላል። መርማሪው መጥቶ የሚጠይቀው ግን ሁለተኛው ደረጃ የት እንዳለ ነው። የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ከሱቅ ገዝቶ በአንድ ቀን ማንጠልጠል ይቻላል። ደረጃ፣ የውሃ ጋንና የመኪና መግቢያ ግን ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ በቀላሉ አይጨመሩም፤ ከተጨመሩም በማፍረስ ነው።

ስለዚህ እዚህ የምንሄደው በኋላ ሊታረም ከማይችለው ተነስተን ወደሚታረመው ነው። ፈቃድ የሚሰጡትን ቢሮዎች በየቦታቸው እናነሳቸዋለን፤ ከባዱ ሥራ ግን የቢሮ በር ከማንኳኳትዎ በፊት የሚያልቅ ነው።

ፋይልዎ ወዴት ይሄዳል?

ለዓመታት መነሻ ሆነው የቆዩት የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 እና ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 243/2003 ናቸው። አዋጁ ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ በሦስት መድቧል። የሕዝብ መገልገያ ወይም የተቋም ሕንፃ፣ ፋብሪካና ወርክሾፕ፣ እንዲሁም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ማንኛውም ሕንፃ ምድብ «ሐ» ነው። አንዱን ወለል በ3 ሜትር ቢያሰሉት ከአራት ወለል የሚያልፈው ሁሉ እዚህ ገባ ማለት ነው። ትምህርት ቤት ወይም ክሊኒክ ከሆነ ቁመቱ ቢያጥርም ከዚህ ምድብ አያመልጥም። ሕጎች ይሻሻላሉና ዲዛይን ከመጀመሩ በፊት በሥራ ላይ ያለውን የአዋጅ፣ የደንብና የመመሪያ ቅጂ፣ በተለይም ገምጋሚዎቹ የሚጠቀሙበትን ቼክሊስት ከቢሮው ይውሰዱ። ጎረቤትዎ ያስፈቀደበት ቼክሊስት ለእርስዎ ላይሠራ ይችላል።

በአዲስ አበባ የግንባታ ፈቃዱን የሚሰጠው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ነው፤ እንደ ሕንፃው ዓይነትና ከፍታ በወረዳ፣ በክፍለ ከተማ ወይም በማዕከል ይስተናገዳሉ። እሳቱን በሙያ የሚያየው ደግሞ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው። ሁለቱም የሚያዩት አንድ ሕንፃ ስለሆነ የሚቀርብላቸው ስዕልም አንድ መሆን አለበት። አርክቴክትዎ ገና ንድፉ በእርሳስ ላይ እያለ ከኮሚሽኑ ባለሙያዎች ጋር አንድ ጊዜ እንዲነጋገር ያድርጉ። የፕላን ስምምነት ከወጣ በኋላ ከሚመጣ አስተያየት ይልቅ በዚያን ጊዜ የሚሰጥ ምክር ዋጋው ርካሽ ነው።

ከአማካሪው ጋር በሚፈራረሙት ውል ውስጥ ሁለት ነገር ያስገቡ። አንደኛው፣ የእሳት ደህንነት ዲዛይኑ ከአርክቴክቸሩ፣ ከስትራክቸሩ፣ ከሳኒተሪውና ከኤሌክትሪኩ ጋር ራሱን ችሎ የሚቀርብ ሥራ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ከገምጋሚ ለሚመጣ አስተያየት መልስ የሚሰጠው አማካሪው ራሱ መሆኑ። ይህ ካልተጻፈ አስተያየቱ ሲመጣ አርክቴክቱ ወደ ኤሌክትሪክ መሐንዲሱ፣ መሐንዲሱ ወደ ሳኒተሪው ይጠቁማል፤ እርስዎም በመሃል ጉዳይ አስፈጻሚ ፍለጋ ይገባሉ። ጉዳይ አስፈጻሚ ፋይል ሊያንቀሳቅስ ይችላል፤ የጎደለ ደረጃ ግን አይሠራም።

ስለ ስታንዳርድም አንድ ነገር። አገር ውስጥ ካሉት ድንጋጌዎች በተጨማሪ ዲዛይነሮች ዝርዝሩን ከአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር (ኤንኤፍፒኤ) ወይም ከእንግሊዝና ከአውሮፓ ስታንዳርዶች ይወስዳሉ። አንዱን ይምረጡና በስዕሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉት። የበሩን ስፋት ከአንዱ፣ የመውጫውን ርቀት ከሌላው እየመረጡ ቀለል የሚለውን ብቻ መሰብሰብ ሐቀኛ ዲዛይን አይደለም፤ ልምድ ያለው ገምጋሚም ወዲያው ይነቃበታል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው መለኪያዎች በአብዛኛው ከአሜሪካዎቹ ኮዶች የተወሰዱ ናቸው። የቢሮው ቼክሊስት ከዚህ የጠበቀ ከጠየቀ የቢሮውን ይከተሉ።

መኪናው ይገባል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ከሕንፃው ውጭ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የተነሳውን እሳት ያስታውሱ። ሱቆቹ ተጠጋግተው፣ ዕቃው ተከማችቶ፣ መንገዱ ጠብቦ ስለነበር ወደ እሳቱ መድረስ ራሱ አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። አዲስ የሚሠራ ሕንፃ ይህን ችግር በመደገም የሚጀምርበት ምክንያት የለም።

ኢንተርናሽናል ፋየር ኮድ የሚባለው ሰነድ ለእሳት አደጋ መኪና 6.1 ሜትር ስፋት ያለውና ምንም የማይዘጋው መንገድ፣ 4.1 ሜትር ክፍት ከፍታ፣ እንዲሁም የምድሩ ወለል ውጫዊ ግድግዳ የትኛውም ክፍል ከዚያ መንገድ ከ46 ሜትር ያልራቀ እንዲሆን ይጠይቃል። 4.1 ሜትሩን ልብ ይበሉ። የግቢዎ በር ላይ የሚያምር የኮንክሪት ቅስት ካለ፣ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ዝቅ ብሎ ካለፈ መኪናው በር ላይ ይቀራል። መኪናው የሚቆምበት ግቢ ከሥሩ ምድር ቤት ካለው ደግሞ የዚያ ወለል ስላብ ውሃ የጫነ ከባድ መኪና እንዲሸከም ለስትራክቸር መሐንዲሱ አስቀድሞ ይነገረው። ጋራዡን ለቤት አውቶሞቢል አስልቶ ከላይ የእሳት አደጋ መኪና ማቆም አይቻልም።

በሳይት ፕላኑ ላይ የመኪናውን መግቢያ፣ መዞሪያና መቆሚያ፣ በአቅራቢያ ያለውን ሃይድራንት፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቱቦ የሚያገናኙበትን ቦታና ሰዎች ወጥተው የሚሰበሰቡበትን ሥፍራ በግልጽ ያስምሩ።

ደረጃዎቹ

እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ፤ ፋይል የሚመለስበት ዋናው ምክንያት እዚህ ነውና።

ስሌቱ የሚጀምረው ከሰው ቁጥር ነው። የወለሉ ስፋት ለእያንዳንዱ አገልግሎት በተቀመጠው ካሬ ሜትር ይካፈላል። ምሳሌ እንውሰድ። አምስተኛ ፎቅ ላይ 300 ካሬ ሜትር አዳራሽ አስበዋል። ጠረጴዛና ወንበር የሚደረደርበት ምግብ ቤት ከሆነ ለአንድ ሰው 1.4 ካሬ ሜትር ይታሰባል፤ 214 ሰው ይሆናል። ያንኑ አዳራሽ ጠረጴዛውን አውጥተው ወንበር ብቻ ቢደረድሩበት፣ ለስብሰባ ወይም ለጸሎት ፕሮግራም ቢያከራዩት፣ ለአንድ ሰው 0.65 ካሬ ሜትር ይበቃል፤ ቁጥሩ ወደ 461 ያሻቅባል። ስዕሉ ላይ «ሁለገብ አዳራሽ» ብለው ከጻፉ ገምጋሚው ትልቁን ቁጥር ይወስዳል፤ ትክክልም ነው።

ቀጥሎ መውጫ ነው። ከ49 ሰው በላይ የሚይዝ የስብሰባ ክፍል ቢያንስ ሁለት መውጫ ያስፈልገዋል፤ በሮቹም ወደ ውጭ፣ ማለትም ሰው ወደሚሮጥበት አቅጣጫ መከፈት አለባቸው። በአንድ ወለል ያለው ሰው ከ500 ካለፈ ሦስት፣ ከ1,000 ካለፈ አራት መውጫ ነው። የደረጃው ስፋት ደግሞ ለአንድ ሰው 7.6 ሚሊ ሜትር ተብሎ ይሰላል። ለ461 ሰው በድምሩ 3.5 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፤ በሁለት ደረጃ ቢከፈል እያንዳንዳቸው 1.75 ሜትር ሊሆኑ ነው። ለምግብ ቤቱ ግን ሁለት ባለ 1.12 ሜትር ደረጃ በቂ ነበር፤ 1.12 ሜትር ዝቅተኛው ስፋት ስለሆነ ከዚያ አይወርድም። አንዲት ቃል ስዕል ላይ ስትቀየር ምን ያህል ካሬ ሜትር ከሚከራየው ቦታ እንደምትወስድ ይመልከቱ። የአዳራሹን አገልግሎት ቀድመው ይወስኑ የምለው ለዚህ ነው።

ሁለት ደረጃ አለኝ ማለት ብቻ አይበቃም። ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ከሆኑ አንድ ጭስ ሁለቱንም ይዘጋቸዋል። ልኩ እንዲህ ነው፦ የወለሉን ረጅሙን ሰያፍ መስመር ይለኩ፤ በሁለቱ መውጫዎች መካከል ያለው ርቀት የዚያን ግማሽ ማነስ የለበትም። ሕንፃው ሙሉ በሙሉ ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ ራሱ ውሃ የሚረጭ መስመር) ካለው ወደ አንድ ሦስተኛ ዝቅ ይላል። ሊፍቱን በግራና በቀኝ በደረጃ አቅፎ መሃል ላይ ማስቀመጥ ለብዙ አርክቴክቶች የሚመች አሠራር ነው፤ ጠባብ ቦታ ላይ ግን ይህን መለኪያ ብዙ ጊዜ አያልፍም።

ደረጃው በራሱ ክፍል ውስጥ መታጠር አለበት። አራት ወለልና ከዚያ በላይ ለሚያገናኝ ደረጃ ግድግዳው ሁለት ሰዓት፣ በሩ አንድ ሰዓት ተኩል እሳት መቋቋም ይጠበቅበታል። በሩ ራሱ የሚዘጋ ይሁን። የሚያምር ክፍት ደረጃ በሎቢ መሃል መሥራት ከፈለጉ ይሥሩት፤ ግን ከማምለጫ ደረጃ አይቆጠርልዎትም። ማምለጫው ምድር ላይ ሲደርስ ወደ ውጭ ያውጣ። ሱቅ ውስጥ ገብቶ፣ በሱቁ ሮሊንግ ሻተር በኩል የሚወጣ ደረጃ ከንቱ ነው፤ ባለሱቁ ማታ ዘግቶ ሲሄድ ማምለጫውን ይዞት ይሄዳል።

ለቢሮ ሕንፃ ከየትኛውም ጥግ እስከ መውጫው በር ያለው የእግር ርቀት ስፕሪንክለር ከሌለ ከ61 ሜትር፣ ካለ ከ91 ሜትር መብለጥ የለበትም። የሚለካው ሰው በሚሄድበት መንገድ እንጂ በግድግዳ አልፎ በቀጥታ አይደለም። አንድ ጫፉ የተዘጋ ኮሪደርም ስፕሪንክለር በሌለበት ከ6 ሜትር እንዳይረዝም። እነዚህን ርቀቶች በእያንዳንዱ ወለል ፕላን ላይ በቀይ መስመር ከነቁጥራቸው ያስሰምሩ። ገምጋሚ ራሱ እንዲለካ ከማስገደድ ለክቶ ማቅረብ ፋይሉን ያፈጥነዋል።

የጭሱ መንገድ

በሕንፃ እሳት ሰው በብዛት የሚሞተው በጭስ ነው። ጭስ ደግሞ ወደ ላይ የሚወስደው ቀዳዳ ካገኘ አይቆምም። የኬብልና የቧንቧ ሻፍት፣ የቆሻሻ መጣያ ቱቦ፣ የሊፍት ጉድጓድ፣ ገበያ ማዕከሎቻችን የሚወዱት ከምድር እስከ ጣሪያ ክፍት የሆነ አትሪየም፣ ሁሉም መንገዶቹ ናቸው። ሻፍቶቹ በየወለሉ በእሳት ተከላካይ ማሸጊያ ይደፈኑ፤ በአረፋና በጂፕሰም ደፈንን ብሎ ማለፍ አይሆንም። አትሪየም ካለ የጭስ ማውጫ ዘዴው በስሌት ተደግፎ መቅረብ አለበት፤ ይህ ለባለሙያ የሚሰጥ ሥራ ነው፣ ገንዘብም ይጠይቃል። በጀትዎ የማይፈቅድ ከሆነ አትሪየሙን ዛሬውኑ ይተዉት።

ምድር ቤት ሌላው አስቸጋሪ ቦታ ነው። ጭሱ የሚወጣበትና ሰው የሚወጣበት መንገድ አንድ ይሆናል። የጭስ ማስወጫ ማራገቢያው፣ ሁለት መውጫውና ስፕሪንክለሩ የሚሰላው ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ ከሆነ በኋላ የጨርቅ መጋዘን ወይም ሱቅ ሲያደርጉት ፈቃዱ ፈቃድ መሆኑ ይቀራል። የላይኞቹ ፎቆች ማምለጫ ደረጃም በቀጥታ ወደ ምድር ቤት መውረድ የለበትም፤ ምድር ላይ በበር ካልተለየ በድንጋጤ የሚወርደው ሰው መውጫውን አልፎ ወደ ታች ይሄዳል።

ከዚያ የሕንፃው ልብስ አለ። ክላዲንግ የምንለው የአሉሚኒየም ኮምፖዚት ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ሲሆን መሃሉ ሌላ ነገር ነው። ርካሹ ዓይነት መሃሉ ፖሊኤቲሊን ነው፤ ፌስታልና ጄሪካን የሚሠራበት ፕላስቲክ። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ በባለ 24 ፎቁ ግሬንፌል ታወር እሳቱ የተነሳው አራተኛ ፎቅ ካለ ቤት ማቀዝቀዣ ነበር። በመስኮት ወጥቶ እንዲህ ያለውን ክላዲንግ ያዘና ሕንፃውን አለበሰው፤ የነበረው ደረጃ አንድ ብቻ ነበር። 72 ሰዎች ሞቱ፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ቤተሰቦችም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። አዲስ አበባ ውስጥ የኮምፖዚት ክላዲንግ ያልለበሰ አዲስ የንግድ ሕንፃ ማግኘት ከባድ በሆነበት ጊዜ ይህን ማለፍ አይገባም። ሲያዝዙ መሃሉ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በአውሮፓ ምደባ «ኤ2» የሚል የምስክር ወረቀት ያለውን ይምረጡ። የቀለም ካታሎግ የምስክር ወረቀት አይደለም። ሰነዱን ከፋይልዎ ጋር ያያይዙት፤ ዕቃው ሲመጣም ከሰነዱ ጋር ያስተያዩት።

ውሃውና መብራቱ

«ጣሪያ ላይ ሮቶ አለን» የሚለው መልስ የትም አያደርስም። ሁለት ቁጥሮችን ያነጻጽሩ። በእንግሊዙ ስታንዳርድ ሆዝ ሪል የሚባለውን፣ ነዋሪው ራሱ የሚስበውን ቀጭን ቱቦ ለመመገብ 1,125 ሊትር ዝቅተኛ ጋን ይበቃል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወፍራም ቱቦ የሚያገናኙበትን ቋሚ መስመር ለመመገብ ግን ኤንኤፍፒኤ በደቂቃ 1,893 ሊትር ለ30 ደቂቃ ይጠይቃል፤ 57 ሜትር ኩብ ገደማ መሆኑ ነው። ስፋቱ 4 በ5 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 3 ሜትር የሆነ ጋን 60 ሜትር ኩብ ይይዛል። ይህ ጋን ቦታ የሚፈልግ፣ ቁፋሮ የሚፈልግ ነገር ነው፤ ከመሠረቱ ጋር ካልተሠራ የትም አይገባም። የትኛው መስመር እንደሚያስፈልግዎ በሕንፃው ከፍታና አገልግሎት ይወሰናልና አስቀድመው ያረጋግጡ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የእሳቱ ውሃ ለሽንት ቤትና ለማጠቢያ ማለቁ የማይቀር ነው። መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነው። ከአንድ ጋን ሁለቱም የሚጠጡ ከሆነ የቤት አገልግሎቱ መሳቢያ ቱቦ ከፍ ብሎ፣ የእሳቱ መሳቢያ ከታች ይቀመጥ። ተከራዮች የቱንም ያህል ቢጠቀሙ ከታች ያለው ውሃ አይነካም። ይህን በጋኑ የጎን ስዕል ላይ ከነከፍታው ያሳዩ።

ፓምፑም እንዲሁ። የተለመደው አቀማመጥ አንድ የኤሌክትሪክ ዋና ፓምፕ፣ አንድ የናፍጣ ተጠባባቂና ግፊቱን የሚጠብቅ አነስተኛ ፓምፕ ነው። የፓምፑ መስመር የሚነሳው ከሕንፃው ዋና ብሬከር በፊት ይሁን። እሳት ሲነሳ መጀመሪያ የሚደረገው መብራት ማጥፋት ነውና ፓምፑ ከዋናው ብሬከር በኋላ ከተያያዘ በዚያችው ደቂቃ ይቆማል። ጄኔሬተር አለን ከተባለም ጄኔሬተሩ ፓምፑን፣ የማምለጫውን መብራትና የጭስ ማራገቢያውን በአንድ ጊዜ እንደሚችል በጭነት ስሌት ይታይ። ለመኖሪያ አፓርታማ የኤሌክትሪክ ጭነቱ ሲሰላ የእንጀራ ምጣድ እንዳይረሳ፤ በየቤቱ አንድ ላይ ሊለኮስ የሚችል ከባድ ጭነት ነው፣ ገመዱም የሚግለው ያን ጊዜ ነው።

የጭስ ጠቋሚ፣ አላርም፣ ስፕሪንክለር፣ ሲሊንደር እዚህ ላይ በአጭሩ ይበቁናል፤ እነዚህ ቢጎድሉ ይጨመራሉ። ጠፍጣፋ ኮርኒስ ላይ ጠቋሚዎች በ9 ሜትር ገደማ ርቀት ይደረደራሉ። ሲሊንደር ለመድረስ ሰው ከ23 ሜትር በላይ መሄድ የለበትም፤ ቀለል ያለ ሲሊንደር አናቱ ከወለል ከ1.5 ሜትር በላይ አይሰቀል። ለኤሌክትሪክ ክፍል የካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ዘይት ለሚጠበስበት የምግብ ቤት ኩሽና ለዘይት እሳት የተሠራው ዓይነት ይሁን፤ በዘይት እሳት ላይ ውሃ ማፍሰስ እሳቱን ይረጨዋል። የቡታጋዝ ሲሊንደሮች ማስቀመጫ ከሕንፃው ውጭ፣ አየር በሚያገኝ ቦታ ስዕል ላይ ይታይ።

ፋይሉን ማስገባት

የሚቀርበው ጥቅል የይዞታ ካርታና የፕላን ስምምነት፣ የሁሉም የሙያ ዘርፎች ስዕል፣ የባለሙያዎቹ የታደሰ ፈቃድና ማኅተም፣ እንዲሁም የእሳት ደህንነቱ የብቻው ክፍል ነው። በዚህ የብቻው ክፍል ውስጥ አራት ወይም አምስት ገጽ የሆነ ማብራሪያ ያስገቡ። የሕንፃው አገልግሎት በየወለሉ፣ የሰው ቁጥር ስሌት፣ የመውጫ ስፋትና ርቀት፣ የውሃና የፓምፕ ስሌት፣ የተመረጠው ስታንዳርድ በውስጡ ይጻፉ። ገምጋሚው ብዙ ፋይል ያለበት ሰው ነው፤ መልሱን ፈልጎ እንዲያገኝ አይተዉት።

ከማስገባትዎ በፊት ሁሉንም ስዕሎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ያስተያዩ። በአርክቴክቱ ስዕል ላይ 1.2 ሜትር የሆነ ደረጃ በስትራክቸሩ ላይ አምድ ገብቶበት 90 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል። ሳኒተሪው ሆዝ ሪል ያስቀመጠበት ግድግዳ በአርክቴክቱ ስዕል ላይ መስታወት ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለ ግጭት ፋይሉን ይመልሳል፤ ከዚህ የባሰው ደግሞ ገምጋሚ ዓይን አምልጦ ግንባታ ላይ ሲገለጥ ነው።

አስተያየት ሲመጣ በጽሑፍ ይቀበሉ። መልሱንም በሠንጠረዥ ያዘጋጁ፤ በአንድ ወገን አስተያየቱ፣ በሌላው የተደረገው ለውጥና የስዕሉ ቁጥር። የተለወጠውን ቦታ ስዕሉ ላይ ክበብ አድርገው የማሻሻያ ቁጥርና ቀን ይጻፉበት። አስተያየቱ ትክክል ካልመሰልዎ ዲዛይነሩ ከስታንዳርዱ አንቀጽ ጠቅሶ በአክብሮት ይከራከር። በቃል «ይሁን» ተብሎ የታለፈ ነገር በሚቀጥለው ገምጋሚ ፊት የለም።

ግንባታው ላይ

የጸደቀው ስዕል ሳይት ላይ ይቀመጥ፤ ፎርማኑም ይወቀው። የኮርኒስ ጂፕሰም ከመዘጋቱ በፊት ውስጡ ያለው ሁሉ መፈተሽ አለበት። የስፕሪንክለር ቧንቧ በ13.8 ባር ግፊት ለሁለት ሰዓት ይፈተናል፤ ውጤቱ ተፈርሞ ይቀመጥ። የሻፍት ማሸጊያዎቹን በየወለሉ ፎቶ ያንሱ፤ በኋላ ማንም ኮርኒስ አፍርሶ አያሳይም።

ተከራይ መጥቶ «ይህን ግድግዳ አንሱልኝ፣ ይህን ኮሪደር ከሱቄ ጋር ቀላቅሉልኝ» ይላል። ኮሪደሩ የማምለጫ መንገድ ከሆነ መልሱ አይሆንም ነው። ሌላ ለውጥ ከሆነ ከመሠራቱ በፊት የማሻሻያ ስዕል ያስጸድቁ።

ሳይቱ ራሱም ይቃጠላል። የባሕር ዛፍ መወጣጫና የፎርምወርክ ጣውላ ባለበት ብየዳ የሚሠራ ሰው አጠገቡ ሲሊንደርና የሚጠብቅ ሰው ይኑር፤ ሥራው ካበቃ በኋላም ቦታው እንደገና ይታይ። ቋሚው የውሃ መስመር ሕንፃው ከፍ ባለ ቁጥር አብሮ ከፍ ይበል እንጂ ለመጨረሻ አይቆይ።

የምርመራው ቀን

መርማሪ ከመጥራትዎ በፊት ምርመራውን ራስዎ ይሥሩት። ዋናውን መብራት ያጥፉ። ጄኔሬተሩ ይነሳል? በደረጃው ውስጥ የአደጋ ጊዜ መብራቶች ይበራሉ? ለ90 ደቂቃ ይቆያሉ? የመጨረሻው ፎቅ ላይ ያለውን ሆዝ ሪል ስበው ውሃ ያፍስሱ፤ ከታች ያለው ሁልጊዜ ይሠራል፣ የሚያሳፍረው የላይኛው ነው። አንድ ጠቋሚ ላይ የሙከራ ጭስ ይርጩና አላርሙ በየወለሉ መሰማቱን፣ ሊፍቱ ወደ ምድር ወርዶ በሩን መክፈቱን ይዩ። የደረጃ በሮችን አንድ በአንድ ከፍተው ይልቀቋቸው፤ ራሳቸው ካልተዘጉ ያስተካክሉ።

ለመርማሪው የሙከራ ሰነዶቹን፣ የዕቃዎቹን የምስክር ወረቀትና እንደተሠራው ሆኖ የተሳለውን ስዕል በአንድ አቃፊ ያቅርቡ። ፓምፑንና ፓኔሉን የሚያንቀሳቅሰው ሰው በቦታው ይኑር፤ የሕንፃው ጥበቃና ጥገና ሠራተኛ ቢሆን ይመረጣል፣ ከእርስዎ ጋር የሚቀረው እሱ ነውና። ጉድለት ከተገኘ ቀነ ገደቡን በጽሑፍ ይቀበሉና አስተካክለው መርማሪውን እንደገና ይጥሩ። የመጠቀሚያ ፈቃዱ ሳይወጣ ተከራይ ማስገባት ለእርስዎም ለተከራዩም ዕዳ ነው፤ የእሳት ኢንሹራንስ ሲጠይቁም የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ወረቀት ሊሆን ይችላል።

ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ለጥበቃዎ አንድ ትእዛዝ ይስጡ፦ ሌባ ተፈርቶ የማምለጫ በር ላይ ቁልፍ አይንጠልጠል። ከውስጥ በመግፋት ብቻ የሚከፈት፣ ከውጭ የማይከፈት መዝጊያ ይሸጣል፤ ሌባውንም ያግዳል፣ ሰውንም ያስወጣል። የአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ጥሪ ቁጥር 939 ነው፤ የሕንፃውን ሙሉ አድራሻ ከሥሩ ጽፈው በየወለሉ ሊፍቱ አጠገብ ይለጥፉት።